ፖድካስት፤ ለእዝነ ልቡና የተሠራ ቤተ መጻሕፍት

ፊደል ሳይቈጠር፣ ብራና ሳይፋቅ፣ ቀለም ሳይበጠበጥ በፊት የሰው ልጅ የአባቶቹን ዜና የተቀበለው በጆሮው ነበር፤ ከዚያም በኋላ መጽሐፍ በበዛበት ዘመን እንኳ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዜማውንም ቅኔውንም የመጻሕፍቱንም ትርጓሜ ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ማሻገርን አልተዉም። ሊቃውንቱ «እዝነ ልቡና» ብለው የጠሩት ድምፅን ብቻ የሚሰማውን ሥጋዊ ጆሮ ሳይሆን፣ የተነገረውን ተቀብሎ በውስጥ የሚያሳድረውን የልብ ጆሮ ነው። ዛሬ ላስተዋውቅ የተነሣሁት ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ስሙም ለአንደበታችን ገና ያልተገራ ቢሆንም፣ ሥራው ይህንኑ የውስጥ ጆሮ መመገብ ስለ ሆነ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም፤ እርሱም ፖድካስት የሚባለው ነው።

ፖድካስት ማለት በየክፍሉ ተቀርጾ በኢንተርኔት የሚቀመጥ፣ ሰሚውም በፈቀደው ሰዓት ወደ ስልኩ አውርዶ የሚያዳምጠው የድምፅ ዝግጅት ነው። እንዲህ ብቻ ሲገለጽ ከሬዲዮ ብዙ የሚርቅ አይመስልም፤ ልዩነቱ ግን ጥልቅ ነው። ሬዲዮ የሚሠራበት የአየር ሞገድ ውሱን ስለ ሆነ ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ ጣቢያውም ሃያ አራቱን ሰዓት እየሸነሸነ ለዜናው፣ ለሙዚቃውና ለማስታወቂያው የሚያድልበት ንብረት ነው፤ ስለዚህ ተራኪው ነገሩ ቢያልቅለትም ባያልቅለትም ሰዓቱ ሲደርስ ማቆም ግድ ይሆንበታል፤ በሰዓቱ ያልተገኘ ሰሚም አመለጠው። ፖድካስት ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ በመሆኑ አንዱ ክፍል ዐሥር ደቂቃ፣ ሌላው አራት ሰዓት ቢሆን ከልካይ የለበትም፤ ርዝመቱን የሚወስነው የሚነገረው ነገር ራሱ ነው። የዚህ ጥበብ ክብር ሁሉ ከዚህ አንድ ነፃነት ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

ስሙ የተገኘው «አይፖድ» ከሚባለው የአፕል ኩባንያ የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻና ስርጭት የሚል ትርጉም ካለው «ብሮድካስት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥምረት ነው። ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ2004 መጀመሪያ ላይ (ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ጋርዲያን በተባለው ጋዜጣ ስለ አዲሱ ልማድ ሲጽፍ፣ ምን ስም ይስማማው ይሆን እያለ ከደረደራቸው ጥቂት ስሞች አንዱ ይህ ነበር። ግብሩ ግን ስሙን ይቀድማል፤ አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዴቭ ዋይነር፣ ኤምቲቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን የቀድሞ አቅራቢ አዳም ከሪ ባነሣለት ሐሳብ፣ አር ኤስ ኤስ በሚባለው የማሰራጫ ሥርዓት ላይ የድምፅ ፋይል ከጽሑፍ ጋር ተያይዞ የሚላክበትን ብልሃት የጨመረው በ2000 መጨረሻ ላይ ነው። በ2003 ጋዜጠኛው ክሪስቶፈር ላይደን ቃለ ምልልሶቹን በዚህ መንገድ ማድረስ ጀመረ፤ በ2005 አጋማሽ አፕል ፖድካስትን አይቱንስ በተባለው የሙዚቃ መተግበሪያው ውስጥ ባስገባ ጊዜ ነገሩ ከጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የኦክስፎርድ አዲሱ የአሜሪካ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፖድካስትን የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

አሠራሩን ቀርቦ ለተመለከተው የሚያስደንቀው ቅለቱ ነው። አዘጋጁ ድምፁን ቀርጾና አርሞ በኢንተርኔት በአንድ ስፍራ ያስቀምጥና፣ ከመጽሐፍ ማውጫ ጋር የሚመሳሰል ተራ የጽሑፍ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ በዚያም ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ርእስ፣ የወጣበት ቀን፣ አጭር መግለጫ፣ የድምፁ አድራሻና መጠኑ ይጻፋል። በሰሚው ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ በየጊዜው ያንን ዝርዝር እየጎበኘ አዲስ ነገር የተጨመረ እንደ ሆነ ያወርድለታል፤ በቃ ይኸው ነው። ዝርዝሩ ለማንኛውም መተግበሪያ ክፍት ስለ ሆነ፣ አዘጋጁ የማንም ጣቢያ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ ቃል ከሰሚው ጋር ይገናኛል። ለመቅረጽም ቢሆን ደኅና ማይክሮፎንና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል፤ ስቱዲዮ የሌላቸው ብዙ ጀማሪዎች ባዶ ግድግዳ ድምፅን እየመለሰ እንዳያስቸግራቸው፣ ጨርቅ የገደል ማሚቶን ይውጣልና ልብስ በሞላበት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተው ወይም ብርድ ልብስ ተከናንበው ይቀርጻሉ። ዳታ ቈጥቦ ለሚኖር ሰሚም ሸክሙ ቀላል ነው፤ በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋ ባይት ያህል ቢሆን ነው።

ይህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የተስማማው ለታሪክ ነው። ማይክ ደንከን የተባለ አሜሪካዊ፣ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር ሳይሆን፣ «የሮም ታሪክ» የተባለውን ፖድካስት በ2007 ጀመረ። ስለ ትሮያዊው ጀግና ስለ ኤንያስ ወደ ኢጣልያ መምጣት ከሚናገረው አፈ ታሪክ ተነሥቶ፣ ነገሥታቱን፣ ሪፐብሊኩንና ቄሣሮቹን በየተራቸው እያሳለፈ፣ ሮሙሉስ አውግስጦስ በ476 ከምዕራቡ ዙፋን እስከ ወረደበት ቀን አደረሰው፤ በ2012 ሲፈጽመው አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት፣ የክፍሉም ቍጥር 179 ደርሶ ነበር። ከዚያ «አብዮቶች» በሚለው ሁለተኛ ሥራው ከእንግሊዝ የርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ የአሜሪካን፣ የፈረንሳይን፣ የሄይቲን፣ የሜክሲኮንና የሌሎችንም ተረከ፤ ለሩሲያው ብቻ ከመቶ የሚበልጥ ክፍል ሰጠው። በብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከፈረንሳይ አብዮት ኅዳግ ላይ በጥቂት መሥመር የሚታለፈው የሄይቲ ባሮች ተጋድሎ፣ ከ1791 ዓመፅ አንሥቶ እስከ 1804 ነፃነት ድረስ ራሱን የቻለ ተከታታይ ሆኖ ሲነገር የሰማ ሰው፣ ርዝመት በራሱ ፍትሕ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል፤ የተጋድሎውን መሪ የቱሳን ሉቨርቱርን መነሣትና በፈረንሳይ እስር ቤት መሞትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማንበብ ሌላ፣ ከሳምንት ሳምንት አብሮት ሲጓዙ ከርሞ መለየት ሌላ ነውና።

በሌላ በኩል ቢቢሲ ከ1998 ጀምሮ የሚያሰማው «ኢን አወር ታይም» የተባለው ዝግጅት አለ። ይህ በሬዲዮ ተወልዶ በኋላ ወደ ፖድካስት የገባ ሲሆን፣ ለረዥም ዘመን የመሩት ሜልቪን ብራግ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትን በጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው ስለ አንድ ፍልስፍና፣ ስለ አንድ ጦርነት፣ ስለ አንድ የሥነ ፍጥረት ምስጢር ከሦስት ሩብ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ያነጋግሩ ነበር። ደንከን እንደ አንድ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ብቻውን ሲተርክ፣ ይህኛው እንደ ሊቃውንት ጉባኤ ነው፤ አንዱ ያቀናል፣ ሌላው ያፈርሳል፣ ሦስተኛው ያስታርቃል። ሰሚው የሚማረው የታሪኩን ፍሬ ብቻ ሳይሆን፣ ዐዋቂዎች በአንድ ነገር ላይ በጨዋነት እንዴት እንደሚለያዩም ጭምር ነው።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንመጣ፣ «ዘ ኒው ዮርከር» የተባለው መጽሔት ከ2007 ጀምሮ የሚያወጣውን የልብ ወለድ ፖድካስት ማንሣት ይገባል። በየወሩ አንድ ደራሲ ይጋበዝና ከመጽሔቱ መዝገብ ውስጥ ሌላ ደራሲ የጻፈውን አንድ አጭር ልብ ወለድ ራሱ መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብባል፤ ከዚያ የመጽሔቱ የልብ ወለድ አርታዒ ዲቦራ ትሪስማን ስለ ምርጫው ትጠይቀዋለች፤ ሁለቱም እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ፣ እያንዳንዱን ዝምታ እያነሡ ይመረምራሉ። ይህን በሰማሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያችን ነው፤ በዚያም ንባቡ ይቀድማል፣ ትርጓሜው ይከተላል፤ መምህሩ ግሡን ፈትቶ፣ «አንድም» እያለ ምስጢሩን ያወርዳል። ጸሐፊ መሆን የሚሻ ወጣት ከዚህ የሚያገኘው ትልቅ ነገር፣ ደራሲ ከመጻፉ አስቀድሞ ምን ያህል ጠንቃቃ አንባቢ መሆን እንዳለበት ማየቱ ነው።

ሕዝብ የሚወድደውን ፊልምና ዘፈን እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥር ሰው ቢኖር፣ ካሪና ሎንግዎርዝን ቢሰማ ሐሳቡን ይለውጣል። እርስዋ ቀድሞ የፊልም ሐያሲ የነበረች አሜሪካዊት ስትሆን፣ በ2014 በጀመረችው «ዩ መስት ሪሜምበር ዚስ» በተባለው ፖድካስትዋ የሆሊውድን የመጀመሪያ ምዕት ዓመት የተረሳና የተሰወረ ታሪክ ትተርካለች። በ2018 ያቀረበችውን አንዱን ተከታታይ ብቻ ለአብነት ላንሣ፤ ኬነት አንገር «ሆሊውድ ባቢሎን» በሚል ስም የጻፈው መጽሐፍ ስለ ጥንቱ የፊልም ዘመን ሰዎች ያወራው ነውር ሁሉ ለብዙ ዘመን እንደ እውነት ሲነገር ኖሮ ነበር፤ ሎንግዎርዝ ግን ወሬዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች፣ የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደ ሆነ መረመረች። በሐሜት ስማቸው ለጠፋ ሙታን እንዲህ ጠበቃ ሆኖ መቆም የታሪክ ጸሐፊ ተግባር ነው፤ ነገሩ የፊልም ተዋናይ ታሪክ ስለ ሆነ አያንስም።

ለዘፈንም እንዲሁ ሪሺኬሽ ሂርዌይ በ2014 «ሶንግ ኤክስፕሎደር» የተባለውን ፖድካስት ጀመረ። የዘፈኑ ባለቤት ሙዚቃውን እንዴት እንደ ሠራው ሲናገር፣ ከበሮው ለብቻው፣ ባሱ ለብቻው፣ የዘፋኙ ድምፅ ያለ አጃቢ ለብቻው ይሰማል፤ ሂርዌይ የራሱን ጥያቄ ከመካከል አውጥቶ ባለሙያው ብቻ እንዲሰማ ያደርጋል፤ በመጨረሻ የተበታተነው ሁሉ ተሰብስቦ ዘፈኑ በሙሉ ሲፈስስ፣ ሰሚው ስንት ጊዜ የሰማውን ያን ዜማ ገና መስማቱ ይመስለዋል።

ነገር ግን ይህ ጥበብ ጉድለት የለበትም ብዬ አንባቢን ማሳሳት አልሻም። ከጣቢያ ነፃ መውጣት ከአርታዒም ነፃ መውጣት ሊሆን ስለሚችል፣ ያልተመረመረ ወሬ በጥሩ ድምፅ ተነግሮ እንደ ታሪክ የሚቈጠርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚጣፍጥ ድምፅ ለእውነት ምስክር አይሆንምና። ደግሞም በ2014 ጋዜጠኛዋ ሣራ ኬኒግ ያቀረበችው «ሲሪያል»፣ በ1999 በባልቲሞር የተፈጸመን የአንዲት ተማሪ ግድያ እንደ ገና ሲመረምር በሚሊዮን የሚቈጠር ሰሚ አገኘ፣ የፒቦዲ ሽልማትንም በመቀበል ከፖድካስቶች የመጀመሪያው ሆነ፤ የሥራው ትጋት የማይካድ ቢሆንም፣ የአንድ ቤተሰብ ሐዘን የሕዝብ የሳምንት ጨዋታ ሲሆን ሰሚው ኅሊናውን መጠየቅ ይገባዋል።

እኛም ለዚህ ነገር ዐዲሶች አይደለንም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ለበዛብህም ለጉዱ ካሣም ለፊታውራሪ መሸሻም ለየራሳቸው ድምፅ እየሰጠ፣ መጽሐፉን ማንበብ ላልቻለው ሁሉ አነበበለት፤ ግን ትረካው የሬዲዮ ነበርና በሰዓቱ ጆሮውን ያልሰጠ ሰው ክፍሉ ያልፈው ነበር። ዛሬ ያው ድምፅ በኢንተርኔት ተቀምጦ በዋሽንግተን ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፣ በቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው፣ በአዲስ አበባም ከሥራ የሚመለሰው ሁሉ በፈቀደው ሰዓት ሊሰማው ይችላል። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም «የጨዋታ እንግዳ» አንድን ሰው ለብዙ ሳምንት እያስቀመጠች የሕይወቱን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምራ ስታስተርከውም፣ የሬዲዮን ሰዓት ለሰው ታሪክ ርዝመት ማስገዛትዋ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥበብ ልትሞክረው ብትወድ ከየስፍራው ቍራሽ አትልቀም፤ አንድ ተከታታይ ምረጥና ከአንደኛው ክፍል ጀምር፤ ስሞቹንና ዘመኖቹን በማስታወሻህ ጻፍ፣ ያጠራጠረህንም ከመጽሐፍ ጋር አስተያይ። ድምፅና ዕውቀት ታድለህ አዘጋጅ ልትሆን ብታስብ ደግሞ፣ ማይክሮፎን ከመግዛትህ በፊት መጻሕፍቱን አንብብ፣ ከዚያም ተናገር፤ ሰሚ አነሰ ብለህ በዐሥረኛው ክፍል አታቋርጥ። ከአንደኛው እስከ 179ኛው ክፍል ያለውን መንገድ ደንከን የሄደው ከሳምንት ሳምንት አንድ አንድ ክፍል እየጨመረ ነው፤ የአማርኛ ጆሮም እንዲህ ተጀምሮ የሚፈጸም ነገር ይጠብቃል።