የክፍልፋይ፣ የንጥጥርና የወደር ትምህርት በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች
(ከፎንቆ አካባቢ ኑሮ አንጻር)

1. መግቢያ

ፎንቆ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በሀድያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ ከተማ ናት። በገበያዋ ቀን ወደ አደባባዩ የወጣ ሰው ከየአቅጣጫው ሒሳብ ሲሠራ ይሰማል። አንዱ ሩብ ኪሎ፣ ሌላው ግማሽ ይላል፤ ስንዴውና ድንቹ ይመዘናል፤ የቆጮው ዋጋ በመጠኑ ልክ ይነገራል። እናቱን ተከትሎ የመጣ የዐሥር ዓመት ልጅ የአንዱን ኪሎ ዋጋ ካወቀ የግማሹንና የሩቡን ዋጋ ለማውጣት እምብዛም አይቸገርም። ይኸው ልጅ በማግስቱ በክፍል ውስጥ ከ1/2 እና ከ1/4 የትኛው ይበልጣል ተብሎ ሲጠየቅ ግን አራት ከሁለት ስለሚበልጥ 1/4 ይበልጣል ብሎ ሊመልስ ይችላል።

በገበያ የሚታወቀው ነገር በሰሌዳ ላይ እንግዳ የሚሆነው ለምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ፣ ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚፈጽሟቸውን ስሕተቶች ምክንያት ለማብራራትና መምህራንና የትምህርት ፕላን አዘጋጆች ሊከተሏቸው የሚችሉ መንገዶችን ለማመልከት ነው።

2. የቃላቱ ትርጉም

ክፍልፋይ አንድ ሙሉ ነገር እኩል ከተከፈለ በኋላ ከክፍሎቹ የተወሰዱት ምን ያህል እንደሆኑ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ታሕት ሙሉው በስንት እኩል ክፍል እንደተከፈለ፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ላዕል ደግሞ ከነዚህ ክፍሎች ስንቱ እንደተወሰደ ያስረዳል። ንጥጥር ሁለት መጠኖች በማካፈል የሚነጻጸሩበት መንገድ ነው። ወደር ደግሞ የሁለት ንጥጥሮች እኩልነት ነው። ሦስቱም ከአንድ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው፤ ይኸውም አንድን መጠን ብቻውን ሳይሆን ከሌላ መጠን ጋር አዛምዶ የመመልከት ሐሳብ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ተማሪው እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ የተማረው እያንዳንዱ ቁጥር ራሱን ችሎ የቆመ ብዛት መሆኑን ነው። ክፍልፋይ ሲመጣ ግን ሁለት ቁጥሮች ተባብረው አንድ መጠን ይሆናሉ፤ ታሕቱ ባደገ ቁጥር ክፍሉ ያንሳል። ይህ ለልጁ አዲስ ሕግ ነው። ስለዚህ 1/4 ይበልጣል ያለው ልጅ ሰነፍ ነው ሊባል አይገባም፤ ቀድሞ በትክክል የተማረውን ሕግ ከወሰኑ አሳልፎ ተጠቀመበት እንጂ።

3. «ከምን ላይ?» የሚለው ጥያቄ

ክፍልፋይ ለአገራችን ሕዝብ ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር የገባ ባዕድ ነገር አይደለም። ሲሶ ከሦስት፣ እርቦና ሩብ ከአራት፣ አሥራት ከዐሥር ጋር የተዛመዱ ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት ለብዙ ዘመን የገበሬውን ኑሮ ሲወስኑ ቆይተዋል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ብዙው ጭሰኛ ለባለ መሬቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይከፍል ነበር። የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በ1960 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስም የመንግሥት አሥራት በዚያው ምርት ላይ ይታሰብ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለክፍል የሚሆን ጠቃሚ ጥያቄ ማውጣት ይቻላል። አንድ ጭሰኛ 30 ኩንታል አመረተ እንበል። አሥራት አንድ ዐሥረኛ፣ የባለ መሬቱ ድርሻ ሲሶ ነው። በመጀመሪያ አሥራቱ 3 ኩንታል ቢወጣና ሲሶው ከቀረው 27 ኩንታል ላይ ቢታሰብ፣ ባለ መሬቱ 9 ኩንታል ይወስዳል፤ ለአራሹ 18 ኩንታል ይቀራል። ሲሶው ከጠቅላላው ምርት ላይ ከታሰበ ግን ባለ መሬቱ 10 ኩንታል ይወስዳል፤ አሥራቱ 3 ኩንታል ሲቀነስ ለአራሹ የሚቀረው 17 ኩንታል ብቻ ነው። በሁለቱም አሠራር ቃሉ ያው ሲሶ ነው፤ ክፍልፋዩም ያው 1/3 ነው። የተለወጠው ሙሉው ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ኩንታል፣ ማለት 100 ኪሎ እህል፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል። ዛሬም በብዙ አካባቢ ገበሬዎች በስምምነት በእኩል ወይም በሲሶ ሲያርሱ፣ ዘሩና ማዳበሪያው አስቀድሞ ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ የሚካፈሉት የሚለው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ተማሪው ክፍልፋይ በሰማ ቁጥር «ከምን ላይ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ሊኖረው ይገባል። ይህ ልማድ በአራተኛ ክፍል ካልተተከለ በኋላ የሚመጣው የመቶኛ፣ የወለድና የትርፍ ትምህርት ሁሉ መሠረት ያጣል።

ይኸው ምሳሌ ሌላውን የታወቀ ስሕተትም ለማረም ያገለግላል። ሁለቱም ድርሻዎች ከጠቅላላው ምርት ላይ ሲታሰቡ 1/10 እና 1/3 መደመር አለባቸው። ብዙ ተማሪዎች ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ደምረው 2/13 ይላሉ። መምህሩ «ስሕተት ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ መልሱን በእህል እንዲለኩት ቢያደርግ ይሻላል። የ30 ኩንታል ሲሶ ብቻውን 10 ኩንታል ነው፤ 2/13ኛው ግን 5 ኩንታል እንኳ አይሞላም። ሁለት ድርሻ ተደምሮ ከአንዱ ድርሻ ሊያንስ እንደማይችል ልጁ ራሱ ያያል። ትክክለኛው መልስ በጋራ ታሕት ሲሠራ 3/30 + 10/30 = 13/30፣ ማለትም 13 ኩንታል ነው።

ይህ ድክመት የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በተደረገ አገር አቀፍ ምዘና የዐሥራ ሦስት ዓመት ተማሪዎች የ12/13 እና የ7/8 ድምር ወደ ስንት እንደሚጠጋ ከተሰጧቸው አማራጮች እንዲመርጡ ተጠይቀው ነበር። ሁለቱም ክፍልፋዮች ለአንድ የቀረቡ ስለሆኑ መልሱ 2 ነው። ይህን የመረጡት ግን ከመቶ 24 ብቻ ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡት 19 ወይም 21 ብለው ላዕሎቹን ወይም ታሕቶቹን ደምረዋል። ሕጉን ከትርጉሙ ለይቶ ማስተማር የትም ቢሆን ተመሳሳይ ፍሬ ያፈራል።

4. ቋንቋና አጻጻፍ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ በር ከፍቷል። የሀድያ ልጅ ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ ብሎ በሀድይሳ መቁጠር ይጀምራል፤ በገበያ ግማሽ፣ ሩብና ሲሶ የሚሉትን የአማርኛ ቃላት ይሰማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። አንዱ ሐሳብ በሦስት ቋንቋ ሲመላለስ የአነጋገሩ ቅደም ተከተል እንደሚለያይ መምህሩ ልብ ሊል ይገባል።

አማርኛ ከጥንት ጀምሮ «ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ» ይላል። ይህ አነጋገር ሙሉውን አስቀድሞ፣ የተወሰደውን አስከትሎ ስለሚናገር ለትርጉም እጅግ ምቹ ነው። በሌላ በኩል «ሁለት ሦስተኛ» የሚለው አነጋገር ላዕሉን ያስቀድማል። የመጀመሪያውን የሰማ ተማሪ በሰማው ተራ ከጻፈ 2/3 በማለት ፈንታ 3/2 ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ሁለቱንም አነጋገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የትኛው ቁጥር ሙሉውን እንደሚከፍልና የትኛው እንደሚቆጥር ተማሪዎቹ በራሳቸው ቋንቋ እንዲያስረዱ ማድረግ ይኖርበታል። ሲጽፉም ብቻ ሳይሆን የጻፉትን ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ስሕተቱ ይገለጣል።

5. ከመደመር ወደ ወደር

ክፍልፋይን በመጠኑ የተረዳ ተማሪ በንጥጥርና በወደር ላይ አዲስ መሰናክል ይገጥመዋል። ለ4 ሰው ምግብ 6 ጣሳ ዱቄት ቢያስፈልግ ለ6 ሰው ስንት ጣሳ ያስፈልጋል? ብዙ ተማሪዎች «ሰው በ2 ስለጨመረ ዱቄቱም በ2 ይጨምራል» ብለው 8 ጣሳ ይላሉ። በካሊፎርኒያ የነበረው ሮበርት ካርፕለስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በዚህ ዓይነት ጥያቄ የብዙ ተማሪዎችን አስተሳሰብ መርምሯል። በእንግሊዝ አገር ካት ሃርት በተሳተፈችበትና ውጤቱ በ1981 በታተመው ጥናትም ይኸው የመደመር ስልት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ ሥር ሰዶ ተገኝቷል።

ስሕተቱን ለማረም የወደርን ቀመር መስጠት ብቻ አይበቃም። የተሻለው መንገድ ልጁ በቤቱ ከሚያውቀው መነሣት ነው። «ለ4 ሰው 6 ጣሳ ከሆነ ለግማሾቹ፣ ለ2 ሰው ስንት ነው?» ቢባል 3 ይላል። «ለ8 ሰውስ?» ቢባል 12 ይላል። እንግዲያው 6 ሰው ማለት 4 ሰውና 2 ሰው ነው፤ ዱቄቱም 6 እና 3፣ በድምሩ 9 ጣሳ ይሆናል። ቀጥሎ በሠንጠረዥ ይጻፍ፦

ሰው፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8
ጣሳ፦ 3፣ 6፣ 9፣ 12

ተማሪዎቹ በእያንዳንዱ ረድፍ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ጣሳ ተኩል መሆኑን ሲያገኙ፣ 2፡3፣ 4፡6፣ 6፡9 እና 8፡12 እኩል ንጥጥሮች እንደሆኑ ያያሉ። 8 ጣሳ ያለው ልጅም ስድስቱ ሰዎች ከአራቱ ያነሰ እንደሚደርሳቸው ይረዳል። መስቀለኛ ማባዛት ከዚህ በኋላ ሲመጣ አቋራጭ መንገድ ይሆናል፤ ከዚህ በፊት ሲመጣ ግን የሚሸመደድ ብቻ ነው።

ነገር ግን ወደር ለሁሉ ነገር እንደማይሠራም መታወቅ አለበት። ስድስት ሰዎች በደቦ አንድ ማሳ በ4 ቀን ቢኮተኩቱ፣ በእኩል ጉልበት የሚሠሩ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በ2 ቀን ይጨርሱታል፤ ይህ ኢ-ርቱዕ ወደር ነው። በአንጻሩ አንድ ሰው ከፎንቆ ተነሥቶ በእግሩ ሆሳዕና የሚደርስበት ጊዜ ሁለት ሰዎች አብረው ስለሄዱ በግማሽ አይቀንስም፤ እጥፍም አይሆንም። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በመልመጃ መካከል ካልተቀላቀሉ ተማሪው ሳያስብ ማባዛትንና ማካፈልን ይለምዳል።

6. ስሕተቱ ከክፍል ሲወጣ

የወደር ጉዳይ የፈተና ውጤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ውኃና ጨው ከሰውነቱ ተሟጥጦ ነው። ከጤና ተቋም የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በማይገኝበት ጊዜ በቤት የሚዘጋጀው መጠጥ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። የስኳሩና የጨው ንጥጥር 12፡1 ነው።

አሁን ለ2 ሊትር ማዘጋጀት ቢያስፈልግ የመደመርን ስልት የሚከተል ሰው «ውኃው በአንድ ስለጨመረ ሁሉም በአንድ ይጨምር» ብሎ 7 ማንኪያ ስኳርና አንድ ማንኪያ ተኩል ጨው ያደርጋል። ትክክለኛው 12 ማንኪያ ስኳርና 1 ማንኪያ ጨው ነው። በስሕተት በተዘጋጀው መጠጥ ጨው ከሚገባው በግማሽ ይበልጣል፤ ስኳሩ ግን ከሚገባው በብዙ ያንሳል። ጨው የበዛበት መጠጥ ለሕፃን አደገኛ ነው። በመማሪያ ክፍል አንድ ነጥብ የሚያሳጣው ስሕተት በቤት ውስጥ ዋጋው ይህን ያህል ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ቤት ከማሸጊያ ላይ ያለውን መመሪያ አንብቦ ለወላጆቹ የሚያስረዳው ተማሪው መሆኑም አይዘነጋም።

7. ለመምህራንና ለፕላን አዘጋጆች የሚቀርቡ ሐሳቦች

ሀ. ትምህርቱ ከሚዳሰስ ነገር ይጀመር። ክብ ሥዕል በሦስት እኩል ለመክፈል ያስቸግራል፤ ገመድ ግን በቀላሉ ይታጠፋል። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ገመዶች አንዱ በሦስት፣ ሌላው በአራት ታጥፎ ቢነጻጸሩ ሲሶ ከሩብ እንደሚበልጥ ያለ ብዙ ንግግር ይታያል። ገመዱ ተዘርግቶ በመሬት ላይ ቢቀመጥ የቁጥር መስመር ይሆናል።

ለ. ስሌት ከመጀመሩ በፊት ግምት ይቅደም። ተማሪው መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ ከአንድ ያልፋል ወይስ አያልፍም ብሎ አስቀድሞ ይናገር።

ሐ. ስሕተት እንደ መረጃ ይቆጠር። 2/13 ብሎ የጻፈ ተማሪ እንዴት እንዳሰበ ይጠየቅ፤ መልሱም በእህል፣ በገመድ ወይም በውኃ ይፈተን።

መ. በሥርዐተ ትምህርት ዝግጅት ለእኩያ ክፍልፋዮችና ለማነጻጸር በቂ ጊዜ ይመደብ። በዚህ ላይ የተቆጠበ ክፍለ ጊዜ በመቶኛና በወደር ምዕራፎች ላይ በእጥፍ ይከፈላል።

ሠ. የሒሳብ፣ የጤናና የእርሻ ትምህርቶች ይተባበሩ። የማዳበሪያ መጠን ለማሳ ስፋት፣ የመድኃኒት መጠን ለውኃ፣ የዘር መጠን ለመሬት ሁሉም የወደር ጥያቄዎች ናቸው።

ረ. ፈተናዎች ስሌትን ብቻ ሳይሆን ምክንያትንም ይጠይቁ። በፈተና የማይጠየቅ ነገር በክፍል ውስጥ ጊዜ እንደማይሰጠው የታወቀ ነው።

8. ማጠቃለያ

ክፍልፋይ፣ ንጥጥርና ወደር ልጁ መጠኖችን አዛምዶ ማየት የሚጀምርባቸው የመጀመሪያ ደጃፎች ናቸው። በፎንቆ ገበያ ግማሹንና ሩቡን የሚያውቅ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ባዶ እጁን አይመጣም። የመምህሩ ተግባር ይህን ዕውቀት ተቀብሎ፣ «ከምን ላይ?» እና «ለአንዱ ስንት ይደርሳል?» በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች አጥርቶ፣ ከቀመሩ ጋር ማገናኘት ነው። የፕላን አዘጋጁም ድርሻ ለዚህ ሥራ ጊዜውን፣ መጽሐፉንና ፈተናውን ማመቻቸት ነው። ሁለቱ ከተባበሩ ተማሪው በሰሌዳ ላይ ያገኘውን መልስ በእህል ክፍፍሉና በመድኃኒቱ ማንኪያ ላይ ሳይሳሳት ለመጠቀም ይችላል።