ሄሊኮፕተር የሚሸከም ዲስትሮየር

በነቀምት ደጋ የምንኖር ተማሪዎች ስለ ጦር መርከብ ለመጻፍ መነሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን የባሕር ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው ባሕር ኃይላችን በ1962 ከአሜሪካ የተረከባት «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ፥ ቀድሞ «ኦርካ» ስትባል፥ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የተሠራች ነበረች። አውሮፕላኖቹ የሚያርፉት ግን በባሕሩ ላይ እንጂ በመርከቧ ላይ አልነበረም። በአንዲት ጠባብ መርከብ ላይ እንዲያርፉ ማድረግ ሌላ ብልሃት የሚጠይቅ ነገር ነው።

ዲስትሮየር ማለት ፈጣን የጦር መርከብ ሲሆን፥ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሰርጓጅ መርከብ ማደን ነው። በ1955 «ናውቲለስ» የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ በኑክሌር ኃይል መጓዝ ሲጀምር፥ አዳኙ ታዳኙን መድረስ የሚቸገርበት ዘመን መጣ። ሄሊኮፕተር ግን ከሁለቱም ይፈጥናል፤ ሶናር የተባለውን የድምፅ መስሚያ በገመድ ወደ ውሃ ያወርዳል፤ ቶርፒዶም ይጥላል።

አሜሪካኖች በ1960ዎቹ ትንሽ ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ሞከሩ፤ ብዙዎቹ ስለጠፉባቸው ተዉት። ካናዳውያን ግን «ሲ ኪንግ» የተባለውን ትልቅ ሄሊኮፕተር መረጡ። የመርከቦቻቸው ወርድ 13 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የሄሊኮፕተሩ ተሽከርካሪ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ሜትር ያህል ነበር! ስለዚህ ከኋላ የነበረውን መድፍ አነሡ፤ አንዱን ጭስ ማውጫ በሁለት ከፍለው ግራና ቀኝ አቆሙና በመካከሉ ለሄሊኮፕተሩ ማደሪያ ሠሩ።

ዋናው ችግር ግን ማረፉ ነበር። ከነቀምት ወደ ጊምቢ ሲሄድ ወደ ዴዴሳ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ፥ መኪናው ሳይቆም፥ ዘጠኝ ቶን ዕቃ ከላይ አውርዳችሁ ጫኑ ብንባል ምን እናደርጋለን? ካናዳውያን የሰጡት መልስ «የድብ ወጥመድ» ይባላል፤ በ1963 በ«አሲኒቦይን» መርከብ ላይ ተፈተነ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ሄሊኮፕተሩ ከመርከቡ በላይ ቆሞ ቀጭን ገመድ ይለቃል፤ መርከበኞች ወፍራሙን ሽቦ ያስሩበትና ወደ ላይ ይሳባል። ከዚያ ዊንቹ ሽቦውን ሳያላላ ይይዛል። ባሕሩ ለጥቂት ሴኮንድ ጸጥ ሲል ሄሊኮፕተሩ ተስቦ ይወርዳል፤ ከሆዱ በታች ያለውን ዘንግ ወጥመዱ ይነክሰዋል፤ ከዚያም በሐዲድ ላይ ወደ ማደሪያው ይጎተታል።

ሐሳቡ በዚያ አልቆመም። ጃፓን በ1973 ሦስት ሄሊኮፕተር የሚሸከመውን «ሃሩና» አሠማራች፤ በ2015 ደግሞ ርዝመቱ 248 ሜትር የሆነውንና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜዳ የመሰለውን «ኢዙሞ» አስከተለች። እርሱንም ዲስትሮየር ብላዋለች!

የእኛዋ «ኢትዮጵያ» በ1991 ወደ የመን ተሰድዳ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አገራችን ከ2018 ወዲህ ባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ተነሥታለች። መርከብ ይገዛል፤ ይጠፋልም። ያን ወጥመድ የወለደው ግን አብራሪው፥ መርከበኛውና መሐንዲሱ ስለ አንድ ችግር አብረው መምከራቸው ነው፤ ይህን የመሰለ ዕውቀት ደግሞ ወደብ ሳይጠብቅ በነቀምትም፥ በጊምቢም፥ በደምቢ ዶሎም ትምህርት ቤት ሊጀመር ይችላል።