ሦስተኛው ፊደል ላይ

አክስቴ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መድኃኒት በጀመረች ማግስት ከመጸዳጃ ቤት ወጥታ፣ በሩን እንደያዘች ቆመች። «ልጄ፣ ደም ነው እንዴ የምሸናው?» አለችኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ እጇን ያዘቻትና «አይዞዎት እማማ፣ ደም አይደለም። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትንም እንባንም ላብንም ብርቱካንማ ያደርጋል» አለቻት። አክስቴ በዚህ ተረጋጋች። እኔ ግን ያ ቀለም ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ፣ መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳነብ ከረምኩ። አንዱን ቁጥር ሳልለምደው ሌላው ይመጣል።

የቲቢ ባክቴሪያ እጅግ ትንሽ ናት። አንዱን ሚሊሜትር ሺህ ቦታ ቢከፍሉት፣ ርዝመቷ ከሁለት እስከ አራት ክፋይ ነው። በውስጧ ያለው ዲ ኤን ኤ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ይዟል፤ ክቡ ክር ተቆርጦ ቢዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ በዓይነ ሕሊና አይታይምና ሁሉንም ሚሊዮን ጊዜ እናሳድገው። ባክቴሪያዋ ሦስት ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ አንድ ሰው የሚያቅፋት ግንድ ትሆናለች። ሆዷ ውስጥ የታጨቀው ግን ሁለት ሚሊሜትር ውፍረትና 1.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሲባጎ ነው። ከአራት ኪሎ ይዘው ቢዘረጉት ስድስት ኪሎ አካባቢ ይደርሳል።

ሲባጎው ላይ ወደ 4,000 ጂኖች ተጽፈዋል። እነሱን ወደ አር ኤን ኤ የሚገለብጠው ፕሮቲን አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ ይባላል። ከ3,000 በላይ አሚኖ አሲዶች ተጣጥፈው የሠሩት፣ ከፈት ያለ ጉጠት የሚመስል ነገር ነው፤ በእኛ ልኬት ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ይህ ባቄላ ኪሎ ሜትር ተኩል ሲባጎ ላይ የጂኑን መነሻ ማግኘት አለበት፤ ብቻውን ግን አይሆንለትም። ሲግማ የሚባል ሌላ ፕሮቲን አብሮት ሆኖ ይመራዋል።

ሲግማ የሚፈልገው አጭር ምልክት ነው። ይህ በደንብ የተጠናው ኢ ኮላይ በምትባለው ባክቴሪያ ነው። መገልበጡ ከሚጀምርበት ቦታ 10 ፊደል ገደማ ቀደም ብሎ «ቲ ኤ ቲ ኤ ኤ ቲ» የሚመስል ቃል፣ 35 ፊደል ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ «ቲ ቲ ጂ ኤ ሲ ኤ» የሚመስል ሌላ ቃል አለ። በአራት ፊደላት ብቻ በተጻፈ ጽሑፍ ባለ ስድስት ፊደል ቃል እንዲሁ በአጋጣሚ በየ4,096 ፊደሉ ይገኛል፤ ስለዚህ አንዱ ብቻ ቢሆን ገልባጩን በሺህ ቦታ ባሳሳተው ነበር። ሁለቱ ቃላት በልካቸው ተራርቀው በአጋጣሚ የሚገናኙት ግን በ16,777,216 ፊደል አንዴ ነው። የኢ ኮላይ ዲ ኤን ኤ በጠቅላላው 4.6 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ነው! እርግጥ እውነተኞቹ ምልክቶች እንደዚህ አልተሟሉም። አንዱ ፊደል ይጎድላል፣ ሌላው ይለወጣል፣ ሲግማም የጎደለውን ያህል ጂኑን አሳንሶ ያስገለብጣል።

ከሁሉ የገረመኝ የሚቀጥለው ነው። ሲግማ ምልክቱን ሲያገኝ ከስድስቱ ፊደላት ሁለቱን ከሲባጎው ወደ ውጭ አዙሮ፣ ለየራሳቸው በተቀረጸ ኪስ ውስጥ ይከታቸዋል። በዚህ መያዣ ሁለቱ የዲ ኤን ኤ ክሮች 13 ፊደል ያህል ይላቀቃሉ። ከኪሎ ሜትር ተኩል ውስጥ የተከፈተው አራት ሚሊሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ለዚህም ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ ነዳጅ አይቃጠልም፤ ክሩን የሚፈታው የፕሮቲኑ ቅርጽና የሙቀት ንዝረት ብቻ ነው።

ሪፋምፒሲን የሚጠብቀው እዚህ ነው። አንዱ ሞለኪውል 117 አቶሞች አሉት፤ ገልባጩ ከነሲግማው በክብደት 500 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። በ2001 ኤሊዛቤት ካምቤልና ሴት ዳርስት ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በፍል ውኃ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ገልባጭ ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቆ ምን እንደሚመስል አሳዩ። መድኃኒቱ ፊደል የሚጋጠምበትን ቦታ አይነካም። ከእሱ በእኛ ልኬት አንድ ሚሊሜትር ከምናምን ራቅ ብሎ፣ አዲሱ አር ኤን ኤ በሚወጣበት መንገድ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ፊደል ይጋጠማል፣ ምናልባት ሦስት፣ ከዚያ መንገዱ ዝግ ነው። አር ኤን ኤው ቀድሞ ከረዘመ ግን ሪፋምፒሲን አያቆመውም፤ መያዝ ያለበት ገና ከጅምሩ ነው።

የአንድ ጎልማሳ የቀን መጠን እስከ 600 ሚሊግራም ይደርሳል። በዚያ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች 440 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ናቸው። በታመመ ሳንባ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ቢኖርና ለእያንዳንዷ 10,000 ገልባጭ ብንቆጥርላት እንኳ፣ ለአንዱ ገልባጭ 44 ሚሊዮን ሞለኪውል ይደርሰዋል። እርግጥ መድኃኒቱ ሰውነትን ሁሉ ይዞራል፤ ጥቂቱ ነው እዚያ የሚደርሰው። ያም ሆኖ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው አንድ ፊደል ነው። በገልባጩ ጂን ውስጥ «ቲ ሲ ጂ» የነበረው «ቲ ቲ ጂ» ሲሆን፣ ሴሪን የሚባለው አሚኖ አሲድ በሉሲን ይተካል። ሴሪን መድኃኒቱን ይዞ ያቆየው ነበር፤ ሉሲን ገፍቶ ያስወጣዋል። እንዲህ ያለ ሪፋምፒሲን የማይገድላት ባክቴሪያ ከ100 ሚሊዮን አንድ ትገኛለች። ቢሊዮን ባለበት ሳንባ ደግሞ የመጀመሪያው ኪኒን ሳይዋጥ አሥር ያህሏ ተቀምጣለች ማለት ነው። አብሮት የሚሰጠውን ሌላ የቲቢ መድኃኒት፣ አይሶናያዚድን፣ የምትቋቋመው ከአንድ ሚሊዮን አንድ ናት፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የምትቋቋም ለማግኘት 100 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ያስፈልጋል። ያን ያህል በማንም ሳንባ ውስጥ የለም። አክስቴ በየጠዋቱ «ለምን ይህን ያህል ዓይነት?» ትለኝ የነበረው መድኃኒት ምክንያቱ ይኸው ነው።

የአክታዋ ምርመራም በዚሁ ላይ የቆመ ነበር። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ከ4.4 ሚሊዮን ፊደላት 81ዱን ብቻ ያያል፤ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋሙት 95 በመቶ ያህሉ የተለወጡት እዚያ ውስጥ ነውና። በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤቱ ወጣ። 81ዱም በቦታቸው ነበሩ።

ስድስት ወሯን ጨርሳ የመጨረሻውን ኪኒን ከዋጠች በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ ጠራችኝ። «ቀለሙ ለቀቀ» አለች።