አልጋው ለማን ይድረስ? የአዳሪ ትምህርት ቤት ተረትና እውነታ በምዕራብ ሸዋ

በግንደበረት ቆላ ወይም በጀልዱ ደጋ ለሚኖር ገበሬ፣ ልጁ የመጀመሪያ ደረጃን ሲጨርስ ጥያቄው አንድ ነው፦ ከዚህ በኋላ የት አድሮ ይማራል? ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት በየገበያውና በየልቅሶው የሚነገረው ብዙ ነው። ከሚነገረው ውስጥ ልጆችን የሚጎዳም አለ።

ተረት፦ «ከተማ ቤት ተከራይቶ መማርም ያው ነው።»

በፍጹም ያው አይደለም። አምቦ፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ መጥቶ የሚማር የገጠር ልጅ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ስንቁ ከቤት ይመጣል፤ ካልሆነም ቅዳሜ ሄዶ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ እሑድ ይመለሳል። ከትምህርት ሲወጣ ውሃ ይቀዳል፣ ከሰል ያያይዛል፣ ወጥ ይሠራል። ደብተሩን የሚገልጠው ዓይኑ በእንቅልፍ ሲከደን ነው። ቢታመም የሚያየው፣ ቢቀር «ምን ሆነ?» የሚል ትልቅ ሰው አጠገቡ የለም። ስንቁ ባለቀ ሳምንት ትምህርቱም ይቋረጣል። ለሴት ልጅ ደግሞ የማይቆለፍ በር፣ የመሸ መንገድና የአከራይ ዓይን ይጨመሩበታል። ይህን የሚፈሩ ወላጆች ልጃቸውን ከትምህርት አስቀርተው ቢድሯት የትምህርትን ጥቅም ስላልተረዱ ብቻ አይደለም፤ የምታድርበት ቦታ አልታመን ብሏቸው ነው። ደህና አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገኝ ልጁ በሰዓቱ ይበላል፣ ማታ መብራት ባለበት ክፍል ያጠናል፣ ኃላፊነት ያለበት ሰውም ይከታተለዋል። ከሁሉ በላይ ለትምህርቱ ጊዜ ያገኛል።

ተረት፦ «አዳሪ የገባ ልጅ ቋንቋውንና ወገኑን ይረሳል።»

ይህ ስጋት ከባዶ አልመጣም። በካናዳ ከ150,000 በላይ የሚገመቱ የነባር ሕዝቦች ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲያልፉ ተደርጓል፤ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው በግድ ተነጥቀዋል፣ በቋንቋቸው በመናገራቸውም ተቀጥተዋል። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ነገር ግን እዚያ ቋንቋን ያጠፋው ማደሩ ብቻ ሳይሆን አስገዳጁ ሕግና በክፍል ውስጥ የተጣለው ክልከላ ነው። በእኛም አገር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማረው የኦሮሞ ልጅ ጭምር ቋንቋውን ደጅ ትቶ ነበር ክፍል የሚገባው። ዛሬ በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል። ልጁ የሚያድርበትን የሚመርጠውም ወላጁ ነው። ወላጅ መጠየቅ ያለበት፣ ልጄ በዓመት ስንት ጊዜ ቤቱ ይመጣል፣ እኔስ መጥቼ ላየው እችላለሁ ወይ ብሎ ነው።

ተረት፦ «አዳሪ ይግባ እንጂ ውጤቱ አይቀርም።»

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ መሀል እንደ አዳማው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት ያሉ አዳሪዎች ስማቸው ጎልቶ ወጣ። ይገባቸዋል፤ ግን ተማሪዎቻቸውን የሚቀበሉት በመግቢያ ፈተና አወዳድረው ነው። ቀድሞም ጎበዝ የነበረውን ልጅ ውጤት በሙሉ ለመኝታ ክፍሉ መስጠት ሚዛን አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው አመራረጥ ነው። በቦረናና በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ የአዳሪ ትምህርት ቤት ዋና ምክንያት ርቀት ነው፤ እንደ አዳማው ባሉ ልዩ አዳሪዎች ግን ሚዛኑ ማርክ ነው። ደህና መምህር ያላገኘው የሩቅ ቀበሌ ልጅ ከከተማ ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ሲወዳደር ገና ሳይጀምር ወደ ኋላ ቀርቷል።

የዚሁ የምዕራብ ሸዋ ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ያደጉት ኦሎንኮሚ አካባቢ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነው። እናታቸው በአጎራባች ከተማ ትምህርት ቤት አስገቧቸው፤ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን እዚያ ይሰነብቱና ዓርብ ይመለሱ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የገንዘብ ድጋፍ አግኝተው ጅማ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎ ዓለማያ፣ ከዚያም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። ድርቅና አቀንጭራ በሚቋቋም ማሽላ ምርምራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ብሩህነታቸው የራሳቸው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ግን ርቀቱን እናታቸው ባይቋቋሙላቸው፣ ጅማም ባይቀበላቸው፣ ማርካቸው ብቻውን የት ያደርሳቸው ነበር? ስለዚህ አዳሪዎች ተማሪ ሲመርጡ ከፈተናው ነጥብ ጎን ልጁ ትምህርት ቤት ለመድረስ በእግሩ ስንት ሰዓት ይሄድ እንደነበርም ይቁጠሩለት፤ ከየወረዳው ሩቅ ቀበሌዎች ለሚመጡ ልጆች፣ በተለይ ለሴቶች፣ የተወሰኑ አልጋዎችም ይለዩላቸው።