አሮጌው ኮምፒዩተርና አዲሱ ስርዓተ ክወና

ካላክላ በካርቱም ደቡባዊ ክፍል፣ ከነጭ ዓባይ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ሰፈር ነው። በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ኢትዮጵያውያንም ይኖሩበት ነበር። ከእነርሱ አንዱ በ2014 ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ኮምፒዩተር ነበረው እንበል። ለአገር ቤት ዘመዶቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎችና የዕድሩ መዝገብ በዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ስርዓተ ክወና የምንለው የኮምፒዩተርን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያስተባብርና የሰውን ትእዛዝ ለመሣሪያው የሚያደርስ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። በዚህ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ያለው በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2014 ለዚህ ፕሮግራም የሚሰጠውን የደኅንነት ጥገና ስላቆመ፣ ባለቤቱ ወደ ዊንዶውስ 7 ለመሸጋገር ተነሣ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ኤክስፒ 64 ሜጋባይት የማስታወሻ ቦታ ሲበቃው፣ ዊንዶውስ 7 ቢያንስ 1 ጊጋባይት፣ ማለትም አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ ከኤክስፒ ወደ 7 በቀጥታ መሻገር ስለማይቻል፣ ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንደገና መጫን ግድ ይሆናል።

ፕሮግራሙን ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ዩናይትድ ስቴትስ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት በርካታ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከሱዳን ለሚመጣ ጥያቄ በራቸውን ዘግተው ነበር። ስለዚህ ሰው በእጅ የተቀዳ ዲቪዲ ይገዛል፤ በመጫን ላይ ሳለም መብራት ሊጠፋ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የአማርኛው ጉዳይ ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት ሊይዝ አይችልም። የፊደላችን ሠላሳ ሦስት ቤቶች በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋሉ። በዚህም ምክንያት የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች ፊደሉን ከፋፍለው በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ አስቀመጡት፤ የሚያሳዝነው፣ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አቀማመጥ መከተሉ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ለምሳሌ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው።

እንግዲህ የካላክላው ሰው አዲሱን ስርዓት ጭኖ የቀድሞውን ደብዳቤ ሲከፍት፣ በአማርኛ ፈንታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ተደርድረው ያገኛል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ሃርድ ዲስኩ ከመጠረጉ በፊት ፎንቶቹን ከደብዳቤዎቹ ጋር ቀድቶ ቢያስቀምጥ ኖሮ፣ መልሶ በጫናቸው ጊዜ ጽሑፉ ይነበብለት ነበር፤ ቆይቶም በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ሊያዛውረው ይችል ነበር። ፎንቱ ከሌለው ግን በመጀመሪያ ደብዳቤው በየትኛው ሠሪ ፕሮግራም እንደተጻፈ ማስታወስ አለበት።