ፍርድ ካለቀ በኋላ የሚጀምር ጥብቅና

አብዛኛው ጠበቃ ደንበኛውን የሚያገኘው ክስ ሲመሠረት ነው። ያለ ጥፋታቸው የተፈረደባቸውን ሰዎች ነጻ ለማውጣት የሚሠራው ጠበቃ ግን ሥራውን የሚጀምረው ሌላው ሁሉ ጨርሶ ሲነሣ ነው። ምስክር ተሰምቷል፣ ዳኛ ፈርዷል፣ ይግባኙም ውድቅ ሆኗል፤ አገሬውም ጉዳዩን ረስቶታል። ይህ ሥራ በአሜሪካ ባለፉት አርባ ዓመታት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በሙያው ስማቸው ከሚነሣ ሰዎች አንዱ የአላባማው ጠበቃ ብራያን ስቲቨንሰን ነው። የእሱን የሥራ ዘመን በጥንቃቄ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፦ የተሳሳተ ፍርድ በራሱ ጊዜ አይታረምም። የሚታረመው አንድ ሰው ከመዝገቡ አልፎ ፍሬ ነገሩን እንደ አዲስ ሲያጣራ ነው።

ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1959 በዴላዌር ግዛት፣ ሚልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃርቫርድ ሕግ ሲማር፣ አትላንታ ውስጥ ለሞት ፍርደኞች በሚከራከር ድርጅት ዘንድ ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ነበር፤ በ1985 ሲመረቅም ወደዚያው ተመለሰ። በ1989 ደግሞ በአላባማ ዋና ከተማ በሞንትጎመሪ «ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ከሚከራከርላቸው ሰዎች ገንዘብ አይቀበልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ የዋልተር ማክሚሊያን ነበር። ማክሚሊያን በሞንሮቪል ከተማ አቅራቢያ እንጨት ቆርጦ በመሸጥ የሚተዳደር ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ1986 እዚያ ከተማ በአንድ ላውንደሪ የምትሠራ የ18 ዓመት ነጭ ወጣት በጥይት ተገደለች። ፖሊስ ለወራት ገዳይ ሲፈልግ ከርሞ በ1987 ማክሚሊያንን ያዘ። ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት ግን እሱ በቤቱ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለማሰባሰብ የተጠበሰ ዓሣ ይሸጥ ስለነበር ብዙ ሰው አይቶታል። ከወንጀሉ ጋር የሚያገናኘው አንድም ቁሳዊ ማስረጃ አልቀረበበትም። እንዲያም ሆኖ፣ ገና ሳይፈረድበት የሞት ፍርደኞች ከሚታሰሩበት ክፍል ገባ። በ1988 የተካሄደው ችሎት የፈጀው አንድ ቀን ተኩል ነው። ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተመረጠው የፈራጆች ቡድን፣ የዕድሜ ልክ እስራት ሐሳብ ቢያቀርብም፣ ዳኛው በጊዜው የአላባማ ሕግ በሰጣቸው ሥልጣን ወደ ሞት ቀየሩት። ይህ ሥልጣን የተሻረው በ2017 ነው።

የስቲቨንሰን ድርጅት ጠበቆች የሠሩትን ሥራ በቅርብ ማየት ሙያው ምን እንደሆነ ያስረዳል። ዐቃቤ ሕግ የተማመነው በዋነኛነት፣ ራሱ በሌላ ግድያ በተጠረጠረ አንድ ምስክር ላይ ነበር። ጠበቆቹ ፖሊስ የዚህን ሰው ቃል የቀዳበትን ካሴት አገኙ። የሚፈለገውን ቃል ሰምተው ሲጨርሱ ካሴቱን ገልብጠው አጫወቱት። በዚያኛው ገጽ ያው ምስክር፣ እሱም ማክሚሊያንም በሌሉበት ወንጀል እንዲመሰክር መገደዱን እያማረረ ሲናገር ተሰማ። ሌላ ምስክር በዕለቱ አየሁት ያለው ፒክአፕ መኪናም ሲጣራ፣ ምስክሩ በገለጸው መልክ ዝቅ ተደርጎ የተሠራው ከግድያው ወራት በኋላ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ ከችሎቱ በፊትም ሊታወቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ካሴቱ ለመከላከያው ወገን አልተሰጠም፣ መኪናውንም የጠየቀ አልነበረም። ማክሚሊያን ስድስት ዓመት የሞት ፍርደኞች ዘንድ ቆይቶ በመጋቢት 1993 ነጻ ወጣ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ቀድሞ ለምን አላየውም? መልሱ ያለው በይግባኝ ባሕርይ ውስጥ ነው። ይግባኝ በአመዛኙ የሚመረምረው ችሎቱ ሥርዓቱን ጠብቆ መካሄዱን፣ ሕጉም በትክክል መተርጎሙን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 በሰጠው አንድ ውሳኔ፣ አዲስ ማስረጃ አቅርቦ «ንጹሕ ነኝ» ማለት ብቻውን፣ የሕገ መንግሥት ጥሰት ካልታከለበት፣ ፍርደኛውን በፌዴራል ፍርድ ቤት በኩል ለማስለቀቅ እንደማይበቃ አስታወቀ። በ1996 የወጣ ሕግ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ አቤቱታ የአንድ ዓመት ገደብ አበጀ። ስለዚህ ጠበቃው ሁለት ሥራ አለበት፦ እውነቱን ማግኘት፣ ያገኘውንም ሕጉ ሊሰማው በሚችል መልክ ማቅረብ። የማክሚሊያን ንጽሕና ሰሚ ያገኘው «ማስረጃ ተደብቋል» በሚለው የሕግ ክርክር በኩል ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው እምነት ነው፤ ሰዎቹ ነጻ መውጣታቸው ራሱ ሥርዓቱ እንደሚሠራ ያሳያል ይባላል። የአንቶኒ ሬይ ሂንተን ጉዳይ ይህን አባባል ይፈትነዋል። ሂንተን በ1985 በበርሚንግሃም በተፈጸሙ ሁለት ግድያዎች ተከሰሰ፤ ማስረጃው ጥይቶቹ ከእናቱ ሽጉጥ ወጥተዋል የሚል የባለሙያ ቃል ነበር። መንግሥት የመደበለት ጠበቃ ለባለሙያ ከ1,000 ዶላር በላይ ማግኘት የማይችል መሰለው። ሕጉ ግን የበለጠ ይፈቅድ ነበር። በዚያ ገንዘብ የተገኘው መስካሪ አንድ ዓይኑ የማያይ ኢንጂነር ሲሆን፣ በማይክሮስኮፑ መጠቀም እንደቸገረው በችሎት አመነ፤ ዐቃቤ ሕግም በጁሪው ፊት መሳለቂያ አደረገው፤ ሂንተንም ተፈረደበት። ስቲቨንሰን ጉዳዩን ከያዘ በኋላ፣ በ2002 ሦስት ስመ ጥር ባለሙያዎች ጥይቶቹ ከዚያ ሽጉጥ ስለመውጣታቸው ማረጋገጫ እንደሌለ መሰከሩ። ሂንተን ግን የተፈታው በሚያዝያ 2015 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በአንድ ድምፅ ጣልቃ እስኪገባ ድረስ የአላባማ ባለሥልጣናት ሲከላከሉ ቆዩ። እውነቱ ከጠራ በኋላ እንኳ 13 ዓመት ወሰደ፤ በ29 ዓመቱ የታሰረው ሰው በ58 ዓመቱ ወጣ። እያደር የጠራው ሌሎች ስላጠሩት ነው። ከ1973 ወዲህ በአሜሪካ ሞት ተፈርዶባቸው ነጻ የወጡት ከ190 በላይ ናቸው። ይህን ቁጥር ሥርዓቱ ራሱን የማረመበት ማስረጃ አድርጎ መውሰድ፣ ጠበቃ ያላገኙትን ፍርደኞች ከሒሳቡ ማውጣት ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተጎጂ ቤተሰብን ይመለከታል፤ ቁስላቸው ሊሽር ሲል እንደገና ይነካካል ይባላል። ሕመሙ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን ንጹሕ ሰው ሲታሰር ፖሊስ ፍለጋውን ያቆማል፣ ገዳዩም በነጻነት ይኖራል። በ1992 በኒው ዮርክ በተመሠረተው «ኢኖሰንስ ፕሮጀክት» አማካይነት በዲኤንኤ ምርመራ ከተጣሩት ጉዳዮች በብዙዎቹ፣ ፍርደኛውን ነጻ ያወጣው ምርመራ እውነተኛውን ወንጀለኛ ለይቷል። ቤተሰቡን የበደለው ስህተቱን ያወጣው ጠበቃ ሳይሆን ስህተቱ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ክርክር ማብቂያ ሊኖረው ይገባል የሚለው ነው። ለገንዘብና ለድንበር ክርክር ይህ ሐሳብ ክብደት አለው። ሰው በሚገደልበት ወይም ዕድሜውን በሚያጣበት ጉዳይ ግን፣ የፍርድ መጽናት የሚከበረው ፍርዱ ትክክል እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። በማስረጃ የተናወጠ ፍርድ እንዲጸና መሟገት፣ የፍርድ ቤቱን ክብር ከተከሳሹ ሕይወት ማስቀደም ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት እንደ ስቲቨንሰን ያሉ ጠበቆችን ከማድነቅ ይሻገራል። የማክሚሊያን ስድስት ዓመትና የሂንተን ሠላሳ ዓመት ገደማ የጠፉት፣ በመጀመሪያው ችሎት ሊሠራ የሚገባው የመከላከያ ሥራ ባለመሠራቱ ነው። ካሴት መጠየቅ፣ የመኪናውን ታሪክ ማጣራት፣ ብቁ ባለሙያ መቅጠር፦ ሦስቱም ከፍርድ በፊት ቢሠሩ ርካሽ ነበሩ፣ ከፍርድ በኋላ ግን ዕድሜ አስከፈሉ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ደንግጓል። የድንጋጌው ዋጋ የሚለካው ለተከላካይ ጠበቃ በሚሰጠው ጊዜና ምስክር ፈልጎ በሚያመጣበት በጀት ነው። ለዐቃቤ ሕግና ለፖሊስ የሚመድበውን ያህል ለድሃው ተከሳሽ መከላከያ የማያስብ አገር፣ የሚሰጠው ፍርድ ትክክል መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በጀት የምታጸድቁ፣ ሕግ የምታስተምሩና ሕግ የምትማሩ፣ ይህን ሥራ ከፍርድ በፊት ቦታ ስጡት።