ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ዱንጉዛ ኑ

ወላይታ ውስጥ ካሉት ከዱቦ፣ ከአረካ፣ ከቦዲቲ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዲግሪ አለኝ፣ ሥራም አለኝ፣ ልቤ ግን የልብስ ዲዛይን ላይ ነው። ከየት ልጀምር?» እኔም ከሒሳብ ሥራ ወደ ስፌት የዞርኩ ስለሆንኩ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የቤተሰብ ነገር። «ተምረሽ ተምረሽ ልብስ ሰፊ?» መባሉ አይቀርም። ንቀቱ የቆየ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በክርክር አታሸንፏቸውም። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ የሚለብሱትን ሰፍታችሁ ስጧቸው፤ ጎረቤት «የት አሰፋችሁት?» ሲል ነገሩ ይለዝባል።

ሁለተኛ፣ ወላይታ ውስጥ የጎደለው እጅ አይደለም። ሸማኔው አለ። በሐምሌ 2008 የተመረቀው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከወላይታ የሄዱ ብዙ ወጣቶችን ስፌት አስተምሯል። የካልቪን ክላይን ባለቤት ፒቪኤች በኅዳር 2014 በፓርኩ ያለውን ሥራውን ሊዘጋ መወሰኑን አሳወቀ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ አገራችን ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ከአጎዋ ታገደች። ስፌት የተማሩት እጆች ግን አሉ፤ ችግሩ ፋብሪካ ውስጥ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ነበር የምትሰፋው። የጎደለው እነዚህን እጆች አገናኝቶ፣ ዋጋ ተምኖ፣ በቀጠሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። የእናንተ ሙያ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በሌላ ሙያ ተምረው ወደዚህ የዞሩም አሉ፦ የ«የፍቅር ዲዛይን» መሥራች ፍቅርተ አዲስ በትምህርቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ የጫማ አምራቹን ሶልሬብልስን በ1996 ዓ.ም. ገደማ የመሠረተችው ቤተልሔም ጥላሁን የተማረችው አካውንቲንግ ነው።

ሦስተኛ፣ ጨርቁን፣ ማለትም የወላይታውን የእጅ ሽመና ዱንጉዛን፣ እወቁት። የእጅ ሽመና ስፋቱ ሸማኔው መወርወሪያውን አሻግሮ እስከሚቀበልበት ድረስ ስለሆነ ጠባብ ነው፤ ለፋብሪካ ጨርቅ የተሠራ ፓተርን እንዳለ አይሆንለትም። የዱንጉዛው ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ደግሞ ይቅር የማይል ነው፦ ጃኬቱ ሲቆለፍ ግራና ቀኙ ካልገጠመ ከሩቅ ያሳጣል። ስለዚህ መስመር ለማጋጠም የሚተርፍ ጨርቅ ጨምራችሁ ግዙ። ልብሱን ከመቁረጣችሁ በፊት ከጨርቁ ትንሽ ቁራጭ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለብ ባለ ውኃ ንከሩት፤ ነጩ ቀለም ከያዘ ቀለሙ ይለቃል፣ ለሸማኔው መልሱለት። ካልለቀቀም ሙሉውን አጥባችሁ አድርቁት፤ መኮማተሩን በደንበኛው ገላ ላይ ሳይሆን በጠረጴዛችሁ ላይ ይጨርስ።

አራተኛ፣ ዋጋ። ክር፣ ገበር፣ ዚፕ፣ የሸማኔና የሰፊ ክፍያ ሁሉም ይጻፋል። ብዙ ጀማሪ የሚረሳው የራሱን ሰዓት ነው። ለዘመድም ቢሆን ቀብድ ሳትቀበሉ መቀስ አታንሱ። ገበያው የሚሞቀው ለጊፋታና ለሰርግ ወቅት ነው፤ በሌላው ጊዜ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ዓመቱ አንድ ዙር ሳይሞላ ደሞዛችሁን አትልቀቁ የምለው። ቅዳሜና እሑድ ይበቃል።

የቤት ሥራ፦ አንድ ጃኬት አሰፉና ወጪውን ከክሩ እስከ ትራንስፖርቱ ዘርዝራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ዋጋችሁ አዋጭ መሆኑን አብረን እናያለን። ማሽን ስለመግዛት የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።